ማሳ

ጋሽ ዘርጋው ከሱቄ ደፍ ላይ መጥቶ ቆሞ፣
ባርኔጣውን ይዞ፣ ጥፍሩ ባፈር ቀልሞ፣
«ትራክተሬን» አለኝ፣ «ዓይን ሥሪላት ልጄ፤
ውሃ ሌት ነው መምጫው፣ ሰው ሁሉ ሲያንኮራፋ፤
ባትሪ ስይዝ መሪ፣ መሪ ስይዝ ባትሪ፣ አልበቃኝም እጄ።»

ከሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል፣ ራስ መኮንን ድልድይ አልፌ፣
ፒንሳና ካቻቪቴ፣ ጥቅል ሽቦ አቅፌ፣
ደረስኩ ትምህርት ቤቱ። ከጥዶቹ ኋላ
ቆማለች ያቺ ጉድ፤ ቁመቷ ወይፈን ነው፣ ዕድሜዋ ግን ሌላ።
መቀመጫዋ ጆንያ፣ ማርሚታዋ በሽቦ ታንቆ፣
የሠሪዎቿ ስም ካፍንጫዋ ተፍቆ፣
ሁለት ፊደል ቀርቷል፣ ያውም አንዱ ወልቆ።
መብራት አልሠሩላት። ምን ያውቃሉ እነሱ፣
ብረቷን ሲቀጠቅጡ፣ ጎማዋን ሲያለብሱ፣
ተራውን ጠብቆ ሌሊት የሚጠጣ
ጎመን መኖሩን በምድር?

ዓይኖቿን ያገኘሁት ሱማሌ ተራ ነው፤
ከሴይቸንቶ ታክሲ፣ ከሰማያዊ ግንባር የወለቁ ናቸው፤
አንደኛው መስታወት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያለው።
«እነዚህ» አለ ሻጩ፣ «አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ሲሉ ነው የኖሩ፤
በድቅድቅ ጨለማ እንኳ መንገድ አይስቱም»
አለኝ፣ እያየ ወደ ብሩ።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀይ ሽቦ ዘረጋሁ፤
ቫልቮላ አስገብቼ ከማብሪያው አጋባሁ።
(ማብሪያው የግድግዳ ነው፣ ውቤ በረሃ ከፈረሰ ቤት፣
ከአንድ መኝታ ክፍል፤
የብዙ ሰው አውራ ጣት ወዝ አለበት፣
አጥቤው አልለቅ ያለ፣ እንደ ጥላ የሚመስል።)
ኮፈኗን በስቼ፣ ቡሎኑን ወጥሬ፣
ሽቦውን ከሻሲው ጋር በጎማ ቁራጭ አስሬ፣
ጨረስኩ ብዬ አመንኩ። መሸ። «አብሪያት» አለኝ።

ቀጭ።
ምንም።

አምፖሉን ፈታሁት፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ቫልቮላው ደህና ነው። ቀዩም ሽቦ እሳቱን እስከ ጫፍ አድርሷል።
አንገቴን ከሞተሩ ሥር እንደቀበርኩ
«ጋሽ ዘርጋው» አልኩት፣ «ማሳ የላትም እኮ።»

ዝም አለ።
የሩቅ ታክሲ ጥሩንባ ሰማሁ።
«አውቃለሁ» አለ ቆይቶ። «ነበራት።
ከዚህ እስከ ወንዙ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ወዲያ።
በቆሎ፣ ድንች፣ ቀይ ሥር። የአዳሪዎቹ ምሳ ከዚያ ነበር የሚወጣው።
አንድ ቀን ሜትር ይዘው መጡ፣ ኖራ በተኑ።
አሁን ሦስት መደብ ጎመንና የዳይሬክተሩ ጽጌረዳ ቀራት።»

ከሞተሩ ሥር ወጣሁ፣ ጥቁር ሽቦ በእጄ።
ልነግረው ነበር፤ የኔ ማሳ ሌላ ነው፣
የብረቱ ገላ ነው፣
እሳት ሠርቶ ሲደክመው የሚመለስበት፣
ያለሱ ምንም መብራት የማይበራበት፣
ልለው አልኩና
አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ፋቅሁ በካቻቪቴ። አረንጓዴው ረገፈ፣ ከሥሩ ግራጫ፤
ግራጫው ሲሄድ ቀይ። «ቀይ ነበረች እንዴ?» አለ፣ ጎንበስ ብሎ፣
ሠላሳ ዓመት ነድቷት።
ከቀዩም ሥር ብረት፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ።
ሽቦውን እዚያ ላይ፣ በሮንዴላ፣ በዳዶ፣ ጠበቅ።

በራች!
ቢጫ፣ እየተርገበገበ፣ ከሞተሩ ጋር እየሳለ፤
የጥዱን ግንድ ነካ፣ የጽጌረዳውን አጥር ዘለለ፣
አንድ ድመት አስደነገጠ፣ ከቆርቆሮው ላይ ዋለለ።

ወደ ስድስት ሰዓት ቧንቧው አጉረመረመ፣
አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈሰሰ።
ጋሽ ዘርጋው በርሜሉን ከኋላዋ ቀጠለ።
«ግራ ዓይኗ ሸውራራ ናት» አልኩት ዕቃ ስሰበስብ፣
«ነገ መጥቼ አቀናታለሁ።»
አየ፤ ቀኙ መደቡን ያበራል፣
ግራው ቆርቆሮውን፣ ከወዲያው ድሮ በቆሎ የነበረውን።
«ተያት» አለኝ፣ ፍሪሲዮን እየለቀቀ፣
«እሷ የምታየውን ታውቃለች።»

ድልድዩን ስሻገር ኪሴን ዳሰስኩ፤
ካቻቪቴዬን ኮፈኗ ላይ ረስቼዋለሁ።